ከሸዋ በር እስከ ልጁ ሳህን

ሃምሳ አምስቱ የጾም ቀናት ተፈጽመው፣ ሌሊቱ በጸሎትና በማሕሌት ነግቶ፣ ቤተሰብ በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚሰበሰብባት ይህች ዕለት የደስታ ዕለት ናት። በአገራችን በዓል በተነሣ ቁጥር ማዕድ አብሮ ይነሣል። በዚህ ዐምድ ልናነሣው የወደድነውም ጉዳይ ከማዕዱ የራቀ አይደለም። የምንጠይቀው ግን ስለ ዛሬው ገበታ ሳይሆን በዓሉ ካለፈ በኋላ ስለሚመጣው፣ እንግዳ ስለማይጠራበት የዘወትር ገበታ ነው። በዚያ ገበታ ላይ ለትንሹ ልጅ የሚደርሰው ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሆነን በአንድ የቀዳም ሥዑር ዕለት በሐረር ከተማ፣ በሸዋ በር ያየነው ነገር ነው።

ሐረርን የሚያውቅ ሁሉ ሸዋ በርን ያውቃል። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የታነጸው የጁገል ግንብ ካሉት አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ፣ ወደ ምዕራብ የሚመለከተውና ሐረሪዎች «አስመዲን በሪ» የሚሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ዓለም የተመለከተው ግንቡን፣ መስጊዶቹንና የቤቶቹን አሠራር ነበር። ለከተማዋ ነዋሪ ግን በሩ ከሁሉ አስቀድሞ የጓዳ በር ነው። በቅርብ ዓመታት በተካሄደው የኮሪደር ልማት የአካባቢው ገጽታ ቢለወጥም፣ በዙሪያው ያለው ገጠር ከተማዋን መመገቡ አልቀረም። ከሐረማያና ከምሥራቅ ሐረርጌዋ ኮምቦልቻ ወገን ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመንና ካሮት ይመጣል። ከባቢሌ ወገን ኦቾሎኒና የግመል ወተት፣ ከኤረር ሸለቆ ደግሞ ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን ይደርሳል። አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ ለሕፃን ልጅ የሚያስፈልገውን በወረቀት ላይ ቢዘረዝር፣ አብዛኛውን ከሐረር ገበያ በአንድ ቅርጫት ሊያሟላው ይችላል።

በዚያች ቀዳም ሥዑር ከበሩ ውጭ ካገኘናቸው ሻጮች አንዲቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከቀበሌዋ ተነሥታ በእግሯ የመጣች የገጠር ሴት ነበረች። ልጇን በጀርባዋ አዝላለች፤ ከፊቷ ባለው ቅርጫት ውስጥ በጭድ የተሸፈነ እንቁላል አለ። የፋሲካ ዋዜማ በመሆኑ ዶሮ ወጥ የምትሠራው ሁሉ ትሻማባት ነበርና እኩለ ቀን ሳይሆን ቅርጫቷ ባዶ ሆነ። ባገኘችው ገንዘብ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙናና ጥቂት መኮሮኒ ገዛች። «ለልጁስ እንቁላል አላስቀረሽለትም?» ብለን ጠየቅናት። ሐረር አንቱታን አታበዛምና በከተማዋ ወግ፣ «አንተ ደግሞ! እንቁላል የገበያ ነው፤ ልጅ ያገኘውን ይበላል» ስትል ፈገግ ብላ መለሰችልን። ዕድሜውን ብንጠይቃት ሁለት ዓመት እንደሞላው ነገረችን። እኛ ግን ዓመት ያልሞላው መስሎን ነበር።

ይህችን እናት ለመውቀስ አንደፍርም። ሳሙናውም ስኳሩም ለቤቷ ያስፈልጋሉ፤ ከእንቁላሉ በቀር በእጇ ላይ ገንዘብ የሚሆን ነገር የላትም ይሆናል። የልጁን ማነስም በጎረቤቶቿ ልጆች ላይ የምታየው በመሆኑ እንደ ችግር ላታየው ትችላለች። የሚያሳስበን በዚህ መልክ የሚያድገው ልጅ የእርሷ ብቻ አለመሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ 100 ሕፃናት መካከል 38ቱ የቀነጨሩ፣ ይኸውም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ያህል ያላደገ ነበሩ። በሐረሪ ክልል ቁጥሩ ከመቶ 32 ገደማ፣ በአዲስ አበባ ከመቶ 15 ገደማ ነበር። ከሁሉ የበለጠው ቁጥር፣ ከመቶ 46 ገደማ፣ የተመዘገበው ግን በአማራ ክልል ነው። የጎጃምን ጤፍና በቆሎ፣ የአገሪቱን ጎተራ የሚሞላውን ምድር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል። ጎተራው ሞልቶ ልጁ ከቀነጨረ፣ ጉዳዩ የእህል መኖርና አለመኖር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ያው ጥናት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል በዓይነቱም ሆነ በቀን በሚበሉት ጊዜ ብዛት ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛ የአመጋገብ ልክ ያሟሉት ከ100 ሰባቱ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል።

ሆድ መሙላትና መመገብ አንድ አይደሉም። እንጀራ፣ ገንፎና ቂጣ ኃይል ይሰጣሉ፤ ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን ግን በበቂ መጠን የሚገኘው ከጥራጥሬ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከሥጋ ነው። ደም የሚሠራበትን ብረት፣ ዓይንን የሚጠብቀውን ቫይታሚን ኤ፣ በሽታን የሚከላከሉትንም ሌሎች ንጥረ ነገሮች የምናገኘው አትክልቱ፣ ፍራፍሬውና የእንስሳቱ ተዋጽኦ ሲጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም ከሁሉ አስቀድሞ የሚመክረው በየዕለቱ ልዩ ልዩ የምግብ ዓይነቶችን አሰባጥሮ መመገብን ነው። አንድ ልጅ ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ቀን እንጀራ በሽሮ፣ ማታ መኮሮኒ ቢበላ ሦስት ጊዜ በልቷል። ሆኖም የሚያሳድጉት ብዙዎቹ ነገሮች አልደረሱትም።

ይህ ዓይነቱ ረኃብ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በ1930ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. በዛሬይቱ ጋና ታገለግል የነበረችው ሐኪም ሲሲሊ ዊሊያምስ ሆዳቸው በበቆሎ ገንፎ ሞልቶ ሳለ አካላቸው የሚያብጥና ጠጉራቸው የሚገረጣ ሕፃናትን ተመለከተች። ሐኪሞች ያላወቁትን ይህን ሕመም የአገሬው እናቶች ያውቁት ነበር፤ «ኳሺዮርኮር» ብለውም ሰይመውት ነበር። ታናሹ ሲወለድ ከጡት የሚነሣው ልጅ በሽታ ማለት ነው። ሕክምናው ዓለም ይህን ስም ከእነዚያ እናቶች ተቀብሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

የእኛም አባቶችና እናቶች «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» ሲሉ ይህንኑ እውነት መናገራቸው ነበር። እህል በጥቅምት ዝናብ ካጣ ፍሬ እንደማይቋጥር፣ ልጅም በወቅቱ ያላገኘውን በኋላ ሊያካክሰው እንደሚቸገር ያመለክታል። የዛሬው ሳይንስ ይህን ወቅት ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያሉት አንድ ሺህ ቀናት ይለዋል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃል። ችግሩ የሚጀምረው ከስድስት ወር በኋላ ነው። በብዙ ቤት ለሕፃኑ የሚቀርበው ውኃ የበዛበት አጥሚት ነው፤ የሕፃን ሆድ ጠባብ በመሆኑ በውኃው ይሞላና ለምግቡ ቦታ ይታጣል። በዚህ ወቅት የጎደለው በቁመት ብቻ ሳይሆን በአእምሮ ዕድገትም፣ ኋላም በትምህርት ቤትና በሥራ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው በአፍሪካ የረኃብ ዋጋ ጥናት፣ የሕፃናት የምግብ እጥረት እ.ኤ.አ. በ2009 ኢትዮጵያን 55.5 ቢሊዮን ብር፣ ይኸውም የአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርቷን 16.5 በመቶ እንዳስከፈላት አስልቷል።

እዚህ ላይ ወደ ገበታችን ሥርዓት መመለስ ግድ ይለናል። ለዛሬው በዓል የሚታረደው ዶሮ በወጉ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣለታል። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክብር እንግዳው ነው፤ ክንፉና አንገቱ ለልጆች ይደርሳል፤ እናት ደግሞ ሁሉን አስተናግዳ ከድስቱ የተረፈውን ትቀምሳለች። ይህ የአክብሮት ወግ ነውና በበዓል ቀን ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ይኸው ቅደም ተከተል ዓመቱን ሙሉ ሲሠራበት፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ከሁሉ በኋላ ይደርሳቸዋል። እነርሱም ነፍሰ ጡሯ፣ የምታጠባው እናትና ትንሹ ልጅ ናቸው። አባት ከሳህኑ ግማሽ እንቁላል አንሥቶ ለልጁ ቢያጎርስ ክብሩ አይቀነስም፤ ይልቁንም አባትነቱ ይታያል።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ማንሣት እንወዳለን። ጾም የነፍስ ጉዳይ በመሆኑ በዚያ ላይ ቃል የምንሰጥ እኛ አይደለንም። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የጾም ግዴታ አትጥልም። በእስልምናም ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ መጾም ግዴታው አይደለም፤ ለሕመምተኛና ለመንገደኛም በቅዱስ ቁርኣን ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል። እንዲህ ሆኖ ሳለ በብዙ ክርስቲያን ቤት በጾም ወራት ለሕፃኑ ወተትና እንቁላል የማይቀርብለት፣ እናት የቤቱን የጾም ድስት የፍስክ ምግብ እንዳይነካው ስለምትጠነቀቅ ነው። ጥንቃቄዋ ከእምነቷ የመነጨ በመሆኑ እናከብረዋለን። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ የራሱ የሆነ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ መለየት ይበቃል። የነፍስ አባቶችና የመስጊድ ኢማሞች ይህን ከመድረካቸው ቢያስተምሩ፣ ከሐኪም ምክር ይልቅ የእነርሱ ቃል ፈጥኖ ወደ ጓዳ እንደሚገባ እናምናለን።

ስለ እንቁላል ብዙ ተናግረናልና ነገሩን ከልኩ እንዳናሳልፈው እንጠንቀቅ። በኢኳዶር ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ዕድሜ ላይ ለነበሩ ሕፃናት ለስድስት ወራት በየቀኑ አንድ እንቁላል ተሰጥቷቸው፣ መቀንጨር በግማሽ ገደማ መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አመልክቷል። ተመሳሳይ ሙከራ በማላዊ ሲደረግ ግን ይህን ያህል ውጤት አልታየም። ከዚህ የምንማረው እንቁላል ብቻውን መድኃኒት አለመሆኑን ነው። አብሮት የሚበላው፣ የሚጠጣው ውኃና የግቢው ንጽሕና ሁሉ ዋጋ አላቸው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በሐረማያ ወረዳ ባካሄደው ጥናት፣ በዶሮና በከብት ዓይነ ምድር የሚተላለፈው ካምፒሎባክተር የተባለ ተሕዋስ በብዙ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ተገኝቷል። ዶሮዋ በምትጭርበት መሬት ላይ የሚድህ ልጅ እንቁላሏን ቢበላ እንኳ አንጀቱ ስለሚታመም ከምግቡ የሚጠቀመው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዶሮዋን ከቤት ለይቶ ማሳደርና እጅን በሳሙና መታጠብ የአመጋገብ ጉዳይ ናቸው። ያቺ የሸዋ በር እናት ሳሙና መግዛቷ እንግዲህ ከንቱ አልነበረም።

ሐረርጌን አንሥቶ ጫትን ዝም ማለት አይቻልም። ጫት ለብዙ ገበሬ ከማሽላና ከበቆሎ የተሻለ ገንዘብ ያስገኛል፤ በመሆኑም ማሳው ቀስ በቀስ ወደ ጫት ተለውጧል። ገንዘቡ መግባቱ መልካም ነው። ጥያቄው ገንዘቡ ወደ ልጁ ሳህን መድረሱ ነው። ቀድሞ ከጓሮ ይቀነጠስ የነበረው ባቄላና ጎመን ዛሬ በገንዘብ ይገዛል፤ ገንዘቡን የሚይዘው እጅና ወጥ የሚሠራው እጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። በዚያ ላይ ጫት የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ በመሆኑ፣ ለሁለት ሰው መብላት የሚገባት ነፍሰ ጡር እናት ብትቅመው ጉዳቱ በፅንሱም ላይ ነው።

በከተማ ያለውም ቤተሰብ ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለም። በአንድ ቤት ልጁ ሲቀነጭር፣ አባት በስኳር በሽታና በደም ግፊት ሲሠቃይ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ እርሱም ያልተመጣጠነ ገበታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ የተደረገ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 98ቱ ገደማ በቂ አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይመገቡ፣ 16ቱ ገደማም ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከሃምሳ አምስት ቀን ጾም በኋላ በአንድ ሌሊት በቅባትና በጥሬ ሥጋ ሆድን ማጨናነቅ ደግሞ ጾሙ የሰጠውን ጤና መልሶ መንጠቅ ነው። ለበግ መግዣ ተበድሮ፣ በዓሉ ባለፈ ማግሥት ልጆችን በርበሬ በተቀባ እንጀራ ማሳደርም እንዲሁ ነው። «ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርም» የሚለው ብሂል ከሁሉ ይልቅ ለበዓል ዋዜማ የተነገረ ይመስለናል።

«ኑሮ ተወዶ፣ ጤፍ እንኳ አልተገዛ፣ እናንተ ስለ እንቁላልና ፍራፍሬ ታወራላችሁ» የሚሉን አንባቢዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን። አባባላቸው ሐሰት አይደለም። ድርቅና ግጭት ያፈናቀለው፣ የዕለት ጉርስ ያጣ ወገን አለ፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን ድጋፍ ነው። እኛ የምንናገረው ግን ቅርጫቷን ይዛ ወደ ሸዋ በር ስለምትመጣውና ከእርሷ ስለሚገዛው ነው። ከአሥሩ እንቁላል ሁለቱን አስቀርቶ ስምንቱን መሸጥ፣ ለለስላሳ መጠጥ የሚወጣውን ለወተት ማዋል፣ ከስኳሩ ቀንሶ ኦቾሎኒ መጨመር ለብዙ ቤት የሚቻል ነው። ሦስት እጅ ማሽላ ወይም በቆሎ ከአንድ እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ጋር ቆልቶ ማስፈጨት፣ በገንፎው ላይ የተወቀጠ ኦቾሎኒና የተከተፈ ጎመን ጠብ ማድረግ ከፍተኛ ወጪ አይጠይቅም። ኦቾሎኒው ግን ሻጋታ የነካው እንዳይሆን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ሻጋታው መርዝ አለውና። ሻይን ከምግብ ጋር ሳይሆን ቆየት አድርጎ መጠጣት፣ በጎመኑና በምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ ማድረግም ሰውነት ብረትን በሚገባ እንዲጠቀም ይረዳል።

መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ በተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል የተጀመረው ሥራ ፋፋን የመሰለ ከእህልና ከጥራጥሬ የተዘጋጀ የሕፃናት ምግብ ለአገራችን አበርክቷል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባ ቃል ነው። ቀኑ ሩቅ አይደለም። ቃሉ የሚፈጸመው በጉባኤ አዳራሽ ሳይሆን በየጓዳው በመሆኑ፣ ከቤት ቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጊዜም መሣሪያም ሊኖራቸው ይገባል። ምክሩም ለእናቶች ብቻ መሰጠቱ ቀርቶ፣ የገበያውን ገንዘብ የሚይዙት አባቶች እንዲሰሙት መደረግ አለበት።

ያቺ የሸዋ በር እናት ባዶ ቅርጫቷን በክንዷ አንጠልጥላ፣ ልጇን እንዳዘለች ወደ ቀበሌዋ ስትመለስ አየናት። ከእርሷ የገዛናቸውን እንቁላሎች ይዘን እኛም ወደየቤታችን ሄድን። በማግሥቱም በዶሮ ወጡ ውስጥ ተልጠው ቀረቡልን። ጣዕማቸውን አናስተባብልም፤ ነገር ግን ያ የሁለት ዓመት ልጅ ከዐይናችን አልጠፋም። ዛሬም በዓሉን ስናከብር፣ ከገበታችን ቀድሞ የሚነሣው ጉርሻ ለትንሹ ልጅ ይሁን። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በዓል ባልሆነበት ቀንም ይኸው ይደገም።

መልካም የትንሣኤ በዓል!